ሳይነዳ የሚያረጅ ጎማ፤ የስንጥቁ ምክንያት እንዴት እንደታወቀ

ጎማ እንደ ጫማ ነው፤ ካልተረገጠበት አያልቅም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። የንብረት አያያዝ ልማዳችንም የቆመው በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ጎማ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። በሁለቱ ሰነዶች መካከል ያለፈው ጊዜ ሁለት ወርም ይሁን ሰባት ዓመት፣ በመዝገቡ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ቆጠራ ሲደረግ ቁጥሩ ከተስማማ ንብረቱ ተሟላ ይባላል። ይሁንና አዲስ ተብሎ ከመጋዘን የወጣ፣ ጥርሱ መሬት ያልነካ ጎማ በብርሃን ሲታይ ጎኑ እንደ በጋ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቆ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሹፌሩ «የተበላሸ ዕቃ ገዛችሁ» ይላል፤ ንብረት ያዡ ደግሞ «እንደተረከብሁት አስቀመጥሁት እንጂ አልነካሁትም» ይላል። ሁለቱም እንደየመጠናቸው እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን ጎማው በተቀመጠበት ሥራ ፈትቶ እንዳልቆየ የተገነዘበ ከመካከላቸው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ስንጥቅ ከየት እንደሚመጣ የሙያው ሰዎች እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደተረዱት ማውሳት ነው። ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ጎማን የሚያስረጁት ኦክሲጅን፣ ኦዞንና ሙቀት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የታወቁትም በተለያየ ዘመን ነው፤ መከላከያቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱን ምልክት ለሌላው የሰጠ ባለሙያ ደኅናውን ጎማ ይጥላል፤ የሞተውን ደግሞ ለመንገድ ያወጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ኪሳራ በመደርደሪያ ላይ

በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጎማ ሥራ ትልቅ የንግድ ተስፋ ሆኖ ነበር። ከብራዚል ደን ከሚገኘው ዛፍ የሚቀዳው ወተት ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ መሆኑ ስለታወቀ፣ ጫማና ካፖርት፣ የዕቃ መሸፈኛም ይሠራበት ጀመር። በ1833 በማሳቹሴትስ ግዛት የተቋቋመው የሮክስበሪ የሕንድ ጎማ ኩባንያ የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ነበር። ዳሩ ግን ጥሬ ጎማ በብርድ ወራት እንደ እንጨት ይገትራል፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ይላቁጣል፤ ይሸታልም። በየመደብሩ የተከመረው ጫማና ልብስ እርስ በርሱ እየተጣበቀ የማይሸጥ ሆነ፤ የገዛውም መለሰው። ያ ሁሉ የንግድ ተስፋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በነነ። እንግዲህ የጎማ ኢንዱስትሪ የመጀመሪያው ታላቅ ኪሳራ የደረሰው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ በመፈለግ ሀብቱንም ጤናውንም የጨረሰው ቻርልስ ጉድይር ነው። በ1839 በዚያው በማሳቹሴትስ፣ በዉበርን ከተማ፣ ጎማ ከድኝ ጋር ተደባልቆ በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል በብርድ የማይገትር፣ በሙቀትም የማይቀልጥ አዲስ ነገር እንደሚሆን አረጋገጠ። በ1844 የፈጠራ ባለመብትነቱን በአሜሪካ አስመዘገበ፤ በእንግሊዝ አገር ግን ቶማስ ሃንኮክ በ1843 ቀድሞት ነበር። ሥራውም በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም «ቩልካናይዜሽን» ተባለ።

የሥራው ምስጢር ዛሬ ግልጽ ነው። የጎማ ሞለኪዩል በጣም ረጅም ክር ነው። በጥሬ ጎማ ውስጥ ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ልብ ይንሸራተታሉ። ድኙ እዚህም እዚያም በመካከላቸው ድልድይ ሠርቶ ያያይዛቸዋል፤ ስለዚህ ሲለጠጡ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ክር ላይ በተወሰነ ርቀት የሚገኙ «ጥንድ ትስስር» የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ድኙ ከእነዚህ አብዛኞቹን እንደነበሩ ይተዋቸዋል። እነዚህ ቦታዎች ለሌላ ንጥረ ነገር እንደ ክፍት በር ናቸው። ጉድይር ቤቱን ሠራው እንጂ በሮቹን አልዘጋቸውም።

የሚያስገርመው፣ በዚያው በ1839 በስዊትዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ፣ ክሪስቲያን ፍሪድሪኽ ሾንባይን የተባለ ኬሚስት ውሃን በኤሌክትሪክ ኃይል ሲከፋፍል አንድ ልዩ ሽታ አስተዋለ። ሽታው መብረቅ ሲወድቅ ከሚሰማው ጋር የሚመሳሰል ነበር። በተከታዩ ዓመት ሽታውን ለሚያመጣው ነገር መሽተት ከሚለው የግሪክኛ ቃል «ኦዞን» የሚል ስም አወጣለት። ጎማን ለአገልግሎት ያበቃው ሰውና የጎማን ቀንደኛ ጠላት ያገኘው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት አህጉር ይሠሩ ነበር። የሁለቱ ሥራዎች ግንኙነት በሚገባ እስኪታወቅ ግን መቶ ዓመት ያህል አለፈ።

ኦክሲጅን፤ ከቴሌግራፍ ሽቦ እስከ ምድጃ

የጎማ እርጅና በሳይንስ ዓይን በመጀመሪያ የተጠናው ከመኪና በፊት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በሕንድ አገር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የሚለበጠው የጎማ የቅርብ ዘመድ በሆነው በጉታ ፐርካ ነበር። በሞቃቱ አገር ይህ ልባስ ደርቆ ሲፈረፈር ነገሩ ለጀርመናዊው ኬሚስት ለኦገስት ቪልሄልም ሆፍማን ቀረበ። ሆፍማን በ1861 ባሳተመው ጥናት የተበላሸው ጉታ ፐርካ ከአየር ኦክሲጅን ጠጥቶ ወደ ሙጫነት የተለወጠ መሆኑን ገለጸ። በ1865 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ስፒለር በጎማ በተለበጠ ጨርቅ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አገኘ። ጎማው ወደ ሙጫ ተለውጦ ነበር፤ ሙጫውም በውስጡ ኦክሲጅን ይዟል። እንግዲህ ብረት በዝገት እንደሚበላ ጎማም በራሱ ዓይነት «ዝገት» እንደሚበላ ታወቀ።

ይህ እውቀት ለሃምሳ ዓመት ያህል በኬሚስቶች መጽሔት ውስጥ ተኝቶ ቆየ። በዚያ መካከል በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚነፋውን ጎማ ለብስክሌት ሠራ፤ በ1895 የሚሽላን ወንድማማቾች በፓሪስና በቦርዶ መካከል በተደረገው የመኪና ውድድር ላይ በአየር በተነፋ ጎማ ነዱ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጎማ በብዛት የሚመረት፣ በመርከብ የሚጓጓዝ፣ በመጋዘን የሚከማች ሸቀጥ ሆነ። የመቆየቱ ጥያቄም የገንዘብ ጥያቄ ሆነ።

አንድ ፋብሪካ አዲስ ቅልቅል ሲሠራ በመጋዘን ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ ያን ያህል ዓመት መጠበቅ አይችልም። ለዚህ መላ የዘየደው በአክረን ከተማ የጉድሪች ፋብሪካ ኬሚስት የነበረው ዊሊያም ጊር ነው። ጊር በ1916 ባቀረበው ዘዴ የጎማ ናሙና በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቃት አየር በሚዘዋወርበት ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቀናት በኋላ ጥንካሬው ይለካል። በመጋዘን ዓመታት የሚፈጀው ለውጥ በምድጃው በቀናት ይታያል። በ1924 ቢየረርና ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን ናሙናውን ከፍተኛ ግፊት ባለው ኦክሲጅን ውስጥ በማስቀመጥ ፍጥነቱን ይበልጥ ጨመሩት። ሙቀቱ ሥራውን የሚያፋጥን ሲሆን ሥራውን የሚሠራው ግን ኦክሲጅኑ መሆኑ ከዚህ ወዲህ አላከራከረም።

የኦክሲጅን ሥራ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጎማ ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ኦክሲጅን ከጠጣ ጥንካሬውን በአብዛኛው አጥቷል ይባላል። ሁለተኛ፣ አንዱ የተነካ ሞለኪዩል ሌላውን ስለሚነካ ጉዳቱ እየተዛመተ ይሄዳል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ቅመም መኖሩን ያሳዩት ፈረንሳውያኑ ሻርል ሙሩና ሻርል ዱፍሬስ ናቸው። ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አክሮሊን የተባለውን መርዘኛ ፈሳሽ ሳይበላሽ ለማቆየት ሲሞክሩ ጥቂት የሃይድሮኪኖን ጠብታ ብቻ እንደሚበቃ አገኙ፤ በ1922 ደግሞ ፀረ ኦክሲጅን ስለሚባሉት ቅመሞች ጽፈው አሳተሙ። በ1920ዎቹ የጎማ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉትን ቅመሞች በቅልቅላቸው ውስጥ መጨመር ጀመሩ። በመጋዘን ደርቆ የሚፈረፈረው ጎማ ቁጥሩ ቀነሰ። ስንጥቁ ግን አልጠፋም።

ፀሐይ የተከሰሰችበት ዘመን

ፀረ ኦክሲጅን ቅመም የተጨመረበት፣ በምድጃ ፈተና የተመሰገነ ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ ጎኑ ሲሰነጣጠቅ የፋብሪካ ሰዎች ተቸገሩ። ምክንያት የሆነው ነገር ስሙ ቀድሞ ወጥቶለት ነበር፤ «የፀሐይ ስንጥቅ» ይሉት ነበር። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ እንደሚበላሽ ሁሉም ያየው ነገር ስለሆነ የሚጠራጠር አልነበረም።

እውነተኛው ምክንያት ግን በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። በ1904ና በ1905 በኪል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ካርል ሃሪስ የጎማን ሞለኪዩል አሠራር ለማወቅ ኦዞንን እንደ ቢላዋ ተጠቅሞበት ነበር። ኦዞን በክሩ ላይ ያለውን ጥንድ ትስስር መርጦ ይቆርጣል፤ ሃሪስም ቁርጥራጩን መርምሮ ሙሉው ክር ከምን እንደተሠራ ለመገመት ቻለ። በቤተ ሙከራ ጎማን የሚቆርጠው ጋዝ በተራ አየርም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ነገር ግን መጠኑ ከመቶ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ጥቂት እጅ ብቻ በመሆኑ ይህን ያህል ጉዳት ያደርሳል ብሎ ያሰበ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር።

ፀሐይን ነጻ ያወጧት በልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ማስረጃዎች ናቸው። በ1931 ኔዘርላንዳውያኑ ቫን ሮሰምና ታለን በተለጠጠ ጎማ ላይ ስለሚታየው የአየር ስንጥቅ ሰፊ ጥናት አሳተሙ። በ1945 እንግሊዛዊው ኒውተን እስከዚያ ድረስ የታወቀውን አሰባስቦ መረመረ። በ1946 የቤል ቴሌፎን ቤተ ሙከራ ሰዎች የነበሩት ክራብትሪና ኬምፕ ሁለቱን ጉዳቶች በግልጽ ለዩአቸው። የመለያው ነጥብ ለማንኛውም ባለሙያ ዓይን የሚገባ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጎ መግለጽ ይጠቅማል።

ብርሃን ከኦክሲጅን ጋር ተባብሮ የሚያደርሰው ጉዳት ጎማው ባይለጠጥም ይደርሳል፤ ብርሃን ባረፈበት ገጽ ላይ እንደ ዝሆን ቆዳ አቅጣጫ የሌለው መጨማደድ ይታያል። የኦዞን ጉዳት ግን ያልተለጠጠውን ጎማ በስንጥቅ አይነካውም። በተለጠጠው ላይ ብቻ ይወጣል፤ ስንጥቆቹም ሁልጊዜ መለጠጡ ለሚሄድበት አቅጣጫ አግድም ናቸው። ከሁሉ በላይ፣ በጨለማም ይወጣል። መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ጎማ በእጥፋቱ ጫፍ ላይ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። በጥላሸት የጠቆረ ጎማ ብርሃንን በገጹ ላይ ስለሚያስቀረው ፀሐይ ራሷ የምታደርስበት ጉዳት ከነጭ ጎማ ይልቅ ያነሰ ነው፤ ኦዞንን ግን ጥላሸት አያግደውም።

የአሠራሩ ምክንያትም እንዲህ ነው። ኦዞን ላይኛውን ክር ሲቆርጠው፣ ጎማው ካልተለጠጠ የተቆረጠው ጫፍ በቦታው ይቀራል፤ ከእርሱም በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑም ቀሪውን ይጋርደዋል። ጎማው ከተለጠጠ ግን ጫፎቹ ይሸሻሉ፤ ከሥር ያለው አዲስ ክር ይጋለጣል፤ ኦዞኑም እርሱን ይቆርጣል። ስንጥቁ እንዲህ እያለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ነገሩን ለሕዝብ ሁሉ ግልጽ ያደረገችው የሎስ አንጀለስ ከተማ ናት። በ1940ዎቹ ዓይን የሚያቃጥል የጭስ ጉም ከተማዋን ይሸፍናት ጀመር፤ ጎማዎችም ከሌላው ከተማ ይልቅ ቶሎ ይሰነጠቁባት ነበር። ትውልዱ ከኔዘርላንድ የሆነው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲመታ ኦዞን እንደሚፈጥር አሳየ። በ1951 ከብራድሌ ጋር ባሳተመው ዘዴ ደግሞ የታጠፈ የጎማ ቁራጭ በአየሩ ውስጥ ተቀምጦ የመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪታይ የሚፈጀው ደቂቃ ይቆጠራል፤ ከዚያም የኦዞኑ መጠን ይሰላል። መኪና ከጭስ መውጫው በሚለቀው ነገር የገዛ ጎማውን እንደሚበላ በዚህ ታወቀ።

የጦር ሠራዊቱ ክምችት

መድኃኒት እንዲፈለግ ያስገደደው የመጋዘን ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የሩቅ ምሥራቅን የጎማ እርሻዎች ስለያዘች አሜሪካ ከ1942 ወዲህ ሰው ሠራሽ ጎማ በብዙ መቶ ሺህ ቶን ማምረት ጀመረች። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙ ተሽከርካሪና ጎማ ለክፉ ቀን ተብሎ ተከማቸ። ሠራዊቱም ክምችቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ እየተሰነጠቀ መሆኑን ተመለከተ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎማ በክፉ ቀን ካልተገኘ መቀመጡ ምን ይረባል? በሮክ አይላንድ አርሰናል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ልዩ ልዩ ቅመሞችን በኦዞን ፊት ፈትነው በ1954 ውጤታቸውን አሳተሙ። ከፓራ ፌኒሊን ዳያሚን ቤተሰብ የሆኑ ቅመሞች ስንጥቁን በእጅጉ እንደሚያዘገዩ ተረጋገጠ። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ በአጭር ስሙ 6ፒፒዲ የሚባለው በተከታዮቹ አሥርተ ዓመታት በዓለም የጎማ ቅልቅል ውስጥ ዋነኛውን ቦታ ያዘ። እነዚህ ቅመሞች ከጎማው ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ገጹ ይወጣሉ፤ ኦዞኑ ከጎማው ክር በፊት እነርሱን ያገኛል፤ በጎማው ፋንታ እነርሱ ይበላሉ። አሮጌ ጎማ ቡናማ ቀለም የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀደም ሲሠራበት የነበረው ሌላው ዘዴ የፓራፊን ሰም ነው። ሰሙ ከቅልቅሉ ውስጥ ወደ ገጹ ፈልቶ እንደ ስስ ልብስ ይሆናል፤ ኦዞን አያሳልፍም። ቆሞ ለሚቀመጥ ጎማ ሰም ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ግን አይሆንም፤ ጎማው ሲተጣጠፍ ሰሙ ይሰበራልና። ከዚያም የከፋ ነገር አለ። ሰሙ በአንድ ቦታ ብቻ ከተሰበረና ጎማው ለጥጥ ብሎ ከቆየ፣ ኦዞኑ ሥራውን ሁሉ በዚያች በተገለጠችው ቦታ ላይ ያደርጋል፤ ስንጥቁም ጥቂት ነገር ግን ጥልቅ ይሆናል። የጎማን ገጽ ለማስዋብ በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚወለውል ሰው ይህን ልብስ በገዛ እጁ ይገፈዋል።

የስንጥቁ ብዛትና ጥልቀት ምን እንደሚነግረን በ1960 ብሬደንና ጄንት የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በሥርዓት አስቀመጡት። ለማንኛውም የጎማ ዓይነት ስንጥቅ የማይወጣበት አነስተኛ የመለጠጥ መጠን አለ። ከዚያ ጥቂት ሲያልፍ ስንጥቆቹ ጥቂትና ጥልቅ ናቸው፤ መለጠጡ ሲበዛ ግን ብዙና ጥቃቅን ይሆናሉ። ስለዚህ በዓይን የሚያስፈራው እንደ ወንፊት የተሸነተረው ገጽ ሁልጊዜ ከሁሉ የከፋው አይደለም፤ በአንድ እጥፋት ላይ ያለች አንዲት ጥልቅ ስንጥቅ ትብሳለች።

የማይታየው እርጅና

ሦስተኛው ጉዳይ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ የታወቀውም በሰው ሕይወት ነው። በነሐሴ ወር 2000 ፋየርስቶን በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ለመሰብሰብ ተገደደ። ጎማዎቹ በፍጥነት ሲሄዱ ጥርሱ ከሽቦ ቀበቶው እየተላቀቀ መኪናዎች ይገለበጡ ነበር። ጥፋቱ በአመዛኙ ለዲዛይንና ለአመራረት ጉድለት ተሰጠ፤ ነገር ግን አደጋው የበዛው በሞቃት ግዛቶች መሆኑ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2003 ከሞቃታማዋ ፊኒክስ ከተማ ከአገልግሎት ላይ የነበሩ ጎማዎችን ሰብስቦ መረመረ፤ በ2007 ውጤቱን ለምክር ቤቱ አቀረበ። በዚሁ ዘገባ የተጠቀሰ የአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት መረጃ ብዙ ይናገራል። ከደንበኞቹ መካከል በአምስት ሞቃት ግዛቶች የሚኖሩት 27 በመቶ ሲሆኑ፣ ከጎማ ጋር የተያያዘ የካሣ ጥያቄ ግን 77 በመቶው የመጣው ከእነዚሁ ግዛቶች ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 84 በመቶው ከስድስት ዓመት በላይ የሆናቸውን ጎማዎች የሚመለከት ነበር።

የዚህ እርጅና መነሻ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። በጎማው ውስጥ በግፊት የታመቀው አየር ኦክሲጅኑን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ በጎማው አካል ውስጥ ያሳልፈዋል። በሽቦ ቀበቶዎቹ መካከል ያለው ጎማ ዓመት ከዓመት እየደረቀ የመያያዝ ኃይሉን ያጣል። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ የኬሚስቶች የዘወትር ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የለውጡ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል የሚል ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ገጹ ላይ አንዳች ምልክት ላይታይ ይችላል። በሞቃት አገር በመኪና ሥር ወይም በኋላ ሣጥን ውስጥ ተነፍቶ ለዓመታት የተቀመጠ ስኮርታ ጎማ ጥርሱ ሙሉ፣ ገጹም ጥቁር ሆኖ ሳለ ውስጡ ሊያረጅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ጎማ የሚታሰበው ሌላው ሲፈነዳ ነው፤ ሲገጠምም ማንም አሮጌ ነው ብሎ አይጠነቀቅለትም።

ስለዚህ የጎማን ዕድሜ ዓይን ብቻውን አይፈርድበትም፤ ቀኑ መታወቅ አለበት። ከ2000 ወዲህ በሚሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ በሚገኘው የዲኦቲ መለያ መጨረሻ የተጻፉት አራት አኃዞች ይህን ይነግራሉ። 2318 የሚል ቢጻፍ ጎማው በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው ጎማ ቢገኝ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ሌላ ምርመራ አያሻውም።

የመድኃኒቱ ዋጋ

ታሪኩ በመድኃኒቱ መገኘት ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ከተማ አካባቢ ባሉ ወንዞች ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓሣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቁላሉን ሳይጥል ያልቅ ነበር። በታኅሣሥ 2020 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ። ከመንገድ ላይ በጎርፍ የሚታጠበው የጎማ ብናኝ 6ፒፒዲን ይዟል፤ ቅመሙ ኦዞንን ሲዋጋ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ያም ለዓሣው ኃይለኛ መርዝ ነው። ማለትም መርዙ የሚወለደው ቅመሙ የታዘዘውን ሥራ በትክክል ሲፈጽም ነው። ከዚህ ወዲህ ፋብሪካዎች ምትክ ፍለጋ ላይ ናቸው። አንድ ቅመም ለጎማው የሚበጅ መሆኑ ለውሃውም የሚበጅ መሆኑን እንደማያረጋግጥ ይህ በቂ ትምህርት ነው።

ለመጋዘኖቻችን

ከዚህ ሁሉ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚተርፈው ምንድን ነው? ወደ አገራችን የሚገባው ጎማ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ በዚያ ሐሩር በብረት ኮንቴይነር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ከዕድሜው ይቀነሳል። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ለጎማ የተመቸ ነው፤ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ መጋዘን ግን የጊርን ምድጃ ይመስላል። ለአዲስ አበባ የተወሰነ የማከማቻ ጊዜ ለቆላው ሊሠራ አይችልም።

የጎማ ምርቶችን አከማቸት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያ የወጣው በ1973 ነው፤ የሚያዘው ነገር ከላይ ያየነው ታሪክ ቁጥር ያለው አጭር መግለጫ ነው ቢባል ይቻላል። ክፍሉ ከ25 ዲግሪ በታች ቀዝቀዝ ያለ ይሁን ማለት በሆፍማንና በጊር ትምህርት ነው። ጨለማ ይሁን ማለት በክራብትሪና በኬምፕ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርና ሌላ ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ በአጠገቡ አይሥራ ማለት በሾንባይን ነው፤ ሾንባይን ያሸተተው ያ ሽታ በእነዚህ መሣሪያዎች ዙሪያ ይሰማልና። በብዙ ጋራዥ ውስጥ የብየዳ ቦታና የጎማ ክምር ጎን ለጎን መሆናቸው ሊታሰብበት ይገባል። ጎማው ሳይጨቆን፣ ሳይታጠፍ፣ በመንጠቆ ሳይሰቀል ይቀመጥ ማለት ደግሞ በብሬደንና በጄንት ነው፤ ያልተለጠጠውን ኦዞን አይሰነጥቀውምና። ቸርኬ የሌለው ጎማ በመደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ በየጊዜውም እየተሽከረከረ ቢቀመጥ፣ ከመነዳሪም ታልክ ተነስንሶበት እጥፋቱ ሳይሰበር ቢያዝ ዕድሜው ይረዝማል። ዘይትና ነዳጅ፣ መዳብም ከጎማ ይራቁ፤ መዳብ የኦክሲጅንን ሥራ ያፋጥናልና።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመውና ወጪ የሌለው ግን የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በሞዴል 19 ላይ ከቁጥሩና ከመጠኑ ጎን የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ቢመዘገብ፣ ቀድሞ የተሠራውም ቀድሞ እንዲወጣ ቢደረግ፣ አንድም ሳንቲም ሳይጨመር ብዙ ጎማ ከመበላሸት ይድናል። የቀደመ ይቅደም ሲባልም መለኪያው ወደ መጋዘኑ የገባበት ቀን ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣበት ሳምንት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ትናንት የተገዛ ጎማ ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላልና። ጨረታ አውጪዎቻችንም በውላቸው ውስጥ የአመራረት ጊዜን ወሰን ቢያኖሩ ሻጩ በወደብ ያስረጀውን ዕቃ ለእኛ አያወርሰንም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ጎማ የሚቃጠለው እሳት በማይታይበት፣ ጭስ በማይሸትበት፣ መዝገቡም ሙሉ ነው በሚልበት ቦታ ስለሆነ ቅጠሉን ቀድሞ ማዘጋጀት የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። ሹፌሩ በመንገድ ዳር ስኮርታውን አውርዶ በሚገጥምበት ሌሊት ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ላላየው ንብረት ያዥና ላላወቀው የመጋዘን ኃላፊ ነው።